የአረም ምርምር በዘመቻ አይተካም

እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሐይቁ ዳር ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ማሽን ተገዝቷል፣ ገንዘብ ተዋጥቷል፣ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የአንድ ወር ዘመቻ ተካሂዷል። የአረሙ ዘር ግን ደለል ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይሞት ይቆያል። ይህን የመሰለ ጠላት ዓመታት የሚዘልቅ ጥናት ይፈልጋል፤ ጥናቱን መሸከም የሚችሉት ደግሞ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው።

ለምን የውጭውን ውጤት ወስደን አንጠቀምም የሚል አይጠፋም። የቅንጬ አረም (ፓርቴኒየም) ነገር መልሱን ይሰጣል። ይህን አረም የምትበላ ዚጎግራማ የተባለች ጥንዚዛ ሕንድና አውስትራሊያ ቀድመው ለቀዋታል። እኛ ግን ኑግ አለን፤ ኑግ ደግሞ ከአረሙ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ጥንዚዛዋ አረሙን ትታ ወደ ኑጋችን ብትዞርስ? በአሜሪካ ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት የመሩት ፕሮጀክት ይህን ጥያቄ ይዞ በአምቦ በተዘጋ ቤተ ሙከራ ኑግንና ጤፍን ጨምሮ በሰብሎቻችን ላይ ፈተናት። ወለንጪቲ አካባቢ የተለቀቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ጥንቃቄ ሌላ አገር አያደርግልንም።

ጣናም የራሱ ጥያቄ አለው። ኡጋንዳ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እምቦጭን የሚበሉ ነቀዞችን በቪክቶሪያ ሐይቅ ለቃ አረሙ ቀንሶላታል። ጣና ግን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቀዝቀዝ ያለ ሐይቅ ነው። ነቀዞቹ እዚህ ምን ያህል ይራባሉ? ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያስ አረሙን ምን ያህል ያፋፋዋል? ለእኔ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የዶክትሬት ጥናት ይወጣዋል።

በአፋር የተደረገው ጥሩ ምሳሌ ነው። የዶክትሬት ተማሪዎችን ባሳተፈ ፕሮጀክት በተሠራ የሳተላይት ጥናት ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍ እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) 1.17 ሚሊዮን ሄክታር እንደወረረ ታወቀ። ያለዚህ ካርታ የትኛውን ግጦሽ ቀድሞ ማዳን እንደሚገባ መወሰን በጨለማ መዳከር ነው።

ስለዚህ ለነቀላና ለማሽን ከሚመደበው በጀት ላይ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ቋሚ ድርሻ ይቆረጥ። የመስክ አበል፣ ጀልባ፣ ቤተ ሙከራ ይሟላላቸው፤ ውጤታቸውም ግብርና ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ይድረስ። ባዮሎጂና ግብርና ተመርቃችሁ የመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ወጣቶች፣ እባካችሁ ወደ አረሙ ኑ።