የባልትና ዓምድ፤ በወርኃ ጽጌ ስለሚበሉ አበቦች

ከውርጌሳ አንዲት እናት በላኩልን ደብዳቤ፣ በማሳቸው ዳር የሚያብበው ሱፍ ፍሬው ለጾም ሲውል አበባው ግን በከንቱ ረግፎ መቅረቱ እንደሚያሳዝናቸው ገልጸው፣ ለምግብ ይሆን እንደ ሆነ ጠይቀውናል። ጥያቄው በጊዜው የመጣ ነው። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው ወርኃ ጽጌ፣ ሊቃውንቱ የአባ ጽጌ ድንግልን ማኅሌተ ጽጌ ሲቆሙ፣ ከምእመናን ብዙዎች በፈቃዳቸው ይጾማሉ፤ ሜዳውም ጓሮውም በአበባ የተሸፈነ ነው። እኛም መልሳችን ለሌሎች እመቤቶች ይጠቅም ዘንድ በዚህ ዓምድ ልናወጣው ወደድን።

አበባ መብላት የባዕድ አገር ልማድ የሚመስላቸው አይታጡም። ነገር ግን በየዕለቱ በሻያችን የምንጨምረው ቅርንፉድ ሳይፈነዳ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እንቡጥ ነው። በሶብላም ቢሆን ለሽሮና ለበርበሬ የሚደርቀው ከነአበባው ዘለላ ነው። አባቶቻችን መራራውን ኮሶ ሲጠጡ የጠጡት የዛፉን አበባ ነበረ፤ እርሱ ግን መድኃኒት እንጂ ምግብ አይደለም፤ መጠኑ ሲያልፍም የሚጎዳ ስለ ሆነ ከዚህ ጽሑፋችን ውጭ ነው።

አሁን ወደ ሱፉ እንመለስ። ሱፍ ስንል በከተማ ብዙ ሰው በዚሁ ስም የሚጠራውን፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ የሚያዞረውን ትልቁን የፈረንጅ ሱፍ ማለታችን አይደለም፤ እሾኻሙን፣ ገበሬው ከብት እንዳይገባበት በጤፍ ማሳ ዳር የሚዘራውን የአገራችንን ሱፍ ነው። የዚህ አበባ ሲፈነዳ ቢጫ ሆኖ፣ ሲጠወልግ ወደ ብርቱካን መልክና ወደ ቀይ ይለወጣል። የሚለቀመውም መጠውለግ ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ፍሬው መያዝ ስለ ጀመረ፣ የአበባው ክር ቢነቀል ለጾሙ የሚፈለገው ፍሬ አይጎዳም። ለቀማው ጤዛ ሳይደርቅ ማለዳ ይሁን፤ ፀሐይ ከበረታ በኋላ እሾኹ ይጠነክራልና እጅ ያደማል። የተለቀመው በሰፌድ ላይ ስስ ተደርጎ ተዘርግቶ በጥላ ይድረቅ፤ በፀሐይ ቢደርቅ መልኩ ይገረጣል።

በሌላ አገር ገበያ ይህ የሱፍ አበባ እጅግ ውድ በሆነው በዛፍራን ስም እየተሸጠ ገዢ ሲታለልበት ኖሯል። እውነተኛው ዛፍራን ከአንዱ አበባ ሦስት ቀጫጭን ክር ብቻ የሚለቀምለት ስለ ሆነ ነው ዋጋው የከበደው። የሱፉ አበባ የዛፍራን ሽታና ጣዕም የለውም፤ መልክ ግን ይሰጣል። በሦስት ጣት የሚያዘውን ያህል በግማሽ ስኒ ለብ ያለ ውኃ ለሩብ ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ከነክሩ በሩዝ ወይም በድንች አልጫ ላይ ሊወርድ ሲል መጨመር ነው። እርድ የሚሰጠውን ቢጫ መልክ ያለ እርድ ምሬት ይሰጣል። እርድ ለሚከብዳቸው ሽማግሌዎችና ለሕፃናት አልጫ ይህን እንመርጣለን። ነፍሰ ጡር እናቶች ግን ይህን አበባ አይንኩት፤ ማኅፀንን ያነቃቃል ተብሎ በቻይና ባህላዊ ሕክምና እንኳ ለእርጉዝ የተከለከለ ነው።

ከሱፍ ይልቅ ለሆድ የሚበጀው የዱባ አበባ ነው። የዱባ ሐረግ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል፤ ሴቴው ከሥሩ ትንሽ ዱባ የመሰለ እብጠት ያለበት ሲሆን፣ ወንዴው ቀጭን አገዳ ብቻ ነው ያለው። ሴቴውን የቆረጠ ዱባውን ቆረጠ፤ ስለዚህ የሚለቀመው ወንዴው ብቻ ነው፤ ለንቦችም ሥራ ጥቂት ይተውለት። ማለዳ የተለቀመው በመካከሉ ያለው ብናኝ የያዘ ክፍል ወጥቶ፣ ጉንዳን እንዳይኖርበት ተራግፎ ይታጠባል። ለአሥራ አምስት አበባ አንድ ብርጭቆ የሽምብራ ዱቄት፣ ጨውና ጥቂት ጥቁር አዝሙድ ቀጠን ባለ ሊጥ አቡክቶ፣ አበባውን እየነከሩ በዘይት መጥበስ ነው። ጣልያኖች ይህን ምግብ አጥብቀው ይወዱታል። እንቁላል ስለማይገባበት ለጾም የተመቸ ነው። ዘይት ያነሰባት እመቤት ደግሞ አበባውን ከትፋ ሽሮው ሊወርድ ሲል ብትጨምረው መልካም ነው።

ቅንጦት ነው የሚሉን ይኖራሉ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ውርጌሳ የጦርነት ቀጠና ሆና እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው ግን፣ በጓሮ የበቀለውን ለይቶ ማወቅን እንዲህ አድርጎ የሚንቅ አይመስለንም።

ለይቶ ማወቅ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ ውርጌሳና መርሳ ባለ ሞቃታማ ቦታ፣ ቅጠሉ ቀጭንና ረዥም፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ፣ ቢጫ አበባው እንደ ጡሩምባ የሆነ የአጥር ተክል አለ፤ ልብን የሚያቆም መርዝ ነው። በቆሻሻ ሥፍራ የሚበቅለው፣ ነጭ ጡሩምባ የመሰለ አበባ ያለው አስተናግርም አእምሮን ያስታል። ሕፃናት የዱባ አበባ ሲበላ አይተው ቢጫ የሆነውን ሁሉ ወደ አፋቸው እንዳያደርጉ፣ እናት አብራ ወደ ጓሮ ወስዳ ሁለቱን ጎን ለጎን ታሳያቸው። የማታውቁትን አትብሉ፤ የምታውቁትንም ቢሆን ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ ወይም የፍራፍሬ ቦታ አትልቀሙ። ከአበባ ሻጭ የተገዛ እቅፍ አበባ ለጠረጴዛ እንጂ ለድስት አይሆንም። የአበባ ብናኝ የሚያስነጥሰው ሰው መጀመሪያ አንድ ብቻ ቀምሶ እስከ ማግሥቱ ይጠብቅ።

ከርከዴን ብዙዎች ስለሚያውቁት አላራዘምንበትም፤ የሚፈላው ቀይ ክፍል አበባው ሳይሆን አበባውን አቅፎ የሚይዘው ሽፋን መሆኑን ብቻ እንጠቁማለን።

ለጠያቂያችን እናት የምንጨምረው አለ፤ የደረቀውን የሱፍ አበባ በደንብ በሚከደን ጠርሙስ ከብርሃን ርቆ ቢያስቀምጡት፣ ለዐቢይ ጾም አልጫ ይደርስላቸዋል።