የዕጩ መኮንኖች ምዘና ለተመዛኙም ይገለጽ

የአሜሪካ ምድር ጦር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ፣ አር ኦ ቲ ሲ ወደሚባለው የመኮንንነት ሥልጠና ከሚያስገቡት ዋና ዋና በሮች አንዱ ነው። ከጦሩ አዳዲስ መኮንኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የሚያፈራውም ይኸው ሥልጠና ነው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴዝ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2025 ያወጡት የ“ብቃት ብቻ” ትእዛዝ ግን ዌስት ፖይንትንና አቻዎቹን ወታደራዊ አካዳሚዎች ሲመለከት ስኮላርሺፑን አልፎታል። ብቃት መመዘኛ ይሁን መባሉ ተገቢ ነው። በስኮላርሺፑ በኩል የሚያሳስበው፣ ብቃቱ እንዴት እንደሚለካ ተመዛኙ ራሱ አለማወቁ ነው።

በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የሥልጠና ክፍሎች ለዓመታት ለአመልካቾች ሲያስረዱት በቆዩት ስሌት፣ ሙሉው ውጤት 1400 ነጥብ ነው። የኤስ ኤ ቲ ወይም የኤ ሲ ቲ ፈተና 250፣ በትምህርት፣ በስፖርትና በአመራር የታየ ተሳትፎ 200፣ የአካል ብቃት 150 ይይዛሉ። በእነዚህ 600 ነጥቦች አመልካቹ የቆመበትን ያውቃል። ፈተናው ካልቀናው እንደገና ይፈተናል። ፑሽ አፑን፣ ሲት አፑንና የአንድ ማይል ሩጫውን ይለማመዳል፤ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ቆጥሮና ሰዓት ይዞ በፈረመበት ቅጽ ላይም ውጤቱን በዓይኑ ያየዋል።

ቀሪው 800 ነጥብ፣ ማለትም ከግማሽ በላዩ፣ ከአመልካቹ ዓይን የተሰወረ ነው። 250ው ስለ ሕይወት ልምዱ በኮምፒዩተር ከሚሞላው መጠይቅ ይመጣል፤ የትኛው መልስ ስንት እንደሚያስገኝ አይነገረውም። 200ው በቃለ መጠይቅ አድራጊው መኮንን፣ 350ው ደግሞ ማኅደሩን በሚመረምረው መራጭ ቦርድ እጅ ነው። በአንዱ ዙር ያልተመረጠ ማመልከቻ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ለወጣቱ የሚደርሰው መልስ ግን ተመርጠሃል ወይም አልተመረጥክም ከማለት ብዙም አያልፍም። የጣለው መጠይቁ ይሁን ቃለ መጠይቁ ሳያውቅ፣ ለሚቀጥለው ዙር ምኑን እንዲያሻሽል ይጠበቃል?

ወታደር የሚመራ ሰው በፈተና ወረቀት ብቻ አይመረጥም፤ የመኮንኖቹ ዳኝነት አስፈላጊ ነው። መራጮቹ ያዳላሉ የሚል ክስም እዚህ አይቀርብም። ይሁንና መስፈርቱ ሲሰወር ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። አባቱ ወይም አጎቱ መኮንን የሆነ ልጅ ቦርዱ ምን እንደሚወድ በቤቱ ይሰማል። በአሜሪካ ከተሞች በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የቤተሰቡን ሱቅ የሚጠብቅ ወይም ታናናሾቹን የሚይዝ የኢትዮጵያዊ ስደተኛ ልጅ ግን፣ ያ ኃላፊነት በማመልከቻው ላይ ሊጻፍ የሚገባው ቁም ነገር መሆኑን የሚነግረው ሰው የለውም።

በጽሑፍ የወጣ ደንብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከራሱ ከስኮላርሺፑ ቅድመ ሁኔታዎች መረዳት ይቻላል። ስኮላርሺፑ ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ላይ በዋለው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፣ ግሪን ካርድ ያለውና በወላጁ አሳዳጊነት አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ልጅ፣ 18 ዓመት ሳይሞላው ወላጁ የዜግነት ቃለ መሐላ ከፈጸመ እሱም ወዲያው ዜጋ ይሆናል። ይህን በጊዜ ያወቀ ቤተሰብ መሐላውን አያዘገይም። የጤና ምርመራውም እንዲሁ ነው፤ አስም የነበረበት ልጅ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ አውቆ የሕክምና ማስረጃውን ያዘጋጃል። ለመጠይቁ፣ ለቃለ መጠይቁና ለቦርዱ ነጥብ እንዲህ ያለ ዝግጅት የማይቻለው ደንቡ ስላልተገለጸ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጦሩ ሦስት ነገር እንዲያደርግ ይህ ጋዜጣ ይጠይቃል። አንደኛ፣ የየዘርፉን የነጥብ ድርሻ በየዓመቱ ከማመልከቻው ጋር ራሱ ያውጣ። ሁለተኛ፣ ቃለ መጠይቅ አድራጊዎችና ቦርዱ የሚመዝኑባቸውን መስፈርቶች በጽሑፍ ይግለጽ። ሦስተኛ፣ ለተመረጠውም ላልተመረጠውም አመልካች በየዘርፉ ያገኘውን ነጥብ ይስጠው። ይህ ሲሆን የጦሩ የመምረጥ ሥልጣን አይቀነስም፤ የሚገለጥ ወታደራዊ ምስጢርም የለም። ስኮላርሺፑን የሚቀበል ወጣት 8 ዓመት ለማገልገል ይፈርማል። ይህን ያህል ዕድሜውን ለአገር ለመስጠት የተዘጋጀ ሰው፣ የተመዘነበትን ሚዛን ማየት መብቱ ሊሆን ይገባል።