ድልድይ እያለለት አጥር የሚዘለው እግረኛ

ከሦስት ቁጥር ማዞሪያ ተነስቶ በጦር ኃይሎችና በ18 ማዞሪያ አድርጎ ወደ ዊንጌት የሚዘልቀው የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ለጭነት መኪና ሾፌር እፎይታ ነው፤ ቤቱ ከወዲህ፣ ገበያው ወይም የልጁ ትምህርት ቤት ከወዲያ ለሆነበት የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪ ግን ግድግዳ ነው። የእግረኛ ድልድይ አለ። ነገር ግን አንዱ ከሌላው የተራራቀ ነው፣ ደረጃውም ጉልበቱ ለደከመ አዛውንትና ሸክም ለያዘች እናት አይመችም። ስለዚህ ሰው የመሐሉን አጥር ይዘላል፤ አደጋ ሲደርስም “ድልድይ እያለለት” ተብሎ ወሬው ያበቃል። ለእኔ ግን በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ አጥር የሚዘል ሕዝብ የሚናገረው ስለ ጠባዩ ሳይሆን መሻገሪያው የት መሠራት እንደነበረበት ነው።

ከተማው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ባወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እንዳሰፈረው፣ በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ 54 በመቶው በእግር ነው። ከግማሽ በላይ የሆነውን ተጓዥ እንደ እንግዳ የሚያይ መንገድ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ የመድረሱ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል፤ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር በሚበር መኪና የተመታ እግረኛም በ50 ከተመታው ይልቅ የመሞት ዕድሉ 4.5 እጥፍ ነው። እግረኛ ይሳሳታል፣ ሾፌርም ይሳሳታል። ስህተቱ በቁስል ይለፍ ወይስ በሞት ያብቃ የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው ፍጥነቱ ነው።

የሚያሳስበኝ ይኸው እግረኛን የዘነጋ የመንገድ አሠራር ወደ ሰፈር ውስጥ እንዳይገባ ነው። የኮብልስቶን መንገድ ሸካራነቱ ብቻውን ሾፌርን ያስታግሳል፤ አስፋልት ሲለብስ ግን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ድንኳን የሚተከልበት ቅያስ ከዋናው መንገድ መጨናነቅ የሚሸሽ መኪና ማቋረጫ ይሆናል። የኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ መሥራቱ ያስመሰግነዋል። ሆኖም ሰው የሚኖረው ከዚያ ገባ ብሎ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ውድ ነገር አይደለም፦ የቅያሱን አፍ ማጥበብ፣ የእግረኛውን ንጣፍ ሳያቋርጡ ማሳለፍና መኪናው እንዲወጣበት ማድረግ፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ዜብራውን ከፍ አድርጎ መሥራት።

“መጨናነቁን ያባብሳል” የሚለው ተቃውሞ ቢያንስ ለሰፈር ውስጥ አይሠራም። ዋናውን መንገድ የሚያጨናንቀው በአብዛኛው መጋጠሚያ ላይ የሚቆም ሚኒባስና የማራገፊያ ቦታ ያጣ አይሱዙ ነው፤ ቅያሱን ማቋረጫ ማድረግ ለእነዚህ መፍትሔ አይሆንም። የአምቡላንሱ ጥያቄ ግን የምር ነው፤ በተለይ እንደ አለርት ያለ ትልቅ ሆስፒታል ባለበት ክፍለ ከተማ። ነዋሪ በራሱ ወጪ በየደጃፉ የሚያፈሰው ሹል የሲሚንቶ ጉብታ በሽተኛ ያንገላታል፣ እኔም አልደግፈውም። ሰፋና ዘቅዘቅ ብሎ የተሠራ ከፍታ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መስመር ላይ ደግሞ ጭራሹን መተው ይቻላል። የእግረኛ መንገድ ቢሰፋ ጉሊት ይወርሰዋል የሚሉም አሉ። ይወርሰዋል፤ ስለዚህ ስፋቱ ሲለካ ጉሊቷን ጨምሮ ይለካ። ቀለምና መከለያ ተጠቅሞ መጋጠሚያን መለወጥ በለገሃር ተሞክሯል፤ ወረዳዎቹም ኮንክሪት ከማፍሰሳቸው በፊት አንድ ቅያስ መርጠው በቀለምና በበርሜል ቢሞክሩት፣ ባለሱቁና ባለባጃጁ ያልወደደውን ነገር በማግስቱ ማንሳት ይቻላል።