ከሰል ቀብቶ «ሶማሌ ሆነ» ማለት ይብቃ!

ለመሆኑ ሶማሌ ማለት ከሰል የተቀባ ፊት፣ የተቆጣ ዓይንና ብርቱካን የመሰለ ጺም ነው ያለው ማነው? የፊልም ሠሪዎቻችንን ሥራ ያየ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዓመት ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ፣ በካራማራ ግርጌ፣ ከኪሳቸው አዋጥተው አጭር ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ቀረጻ ላይ ተገኝቼ ነበር። ታሪኩ በ1970 ዓ.ም. ጦርነት መሀል ስለተያዘ አንድ ሶማሌ ግመል ጠባቂ ሽማግሌ ነው። ተዋናዩ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎረምሳ፣ ሜካፕ ሠሪዋም ከዚያው። ፊቱን በጥቁር ዱቄት አጠቆረችው። ቅንድቡን አወፈረችው። ጥቁር ጺሙ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ደፋችበት። ከዚያ «በቃ፣ ሶማሌ ሆነ!» ተባለ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሉሃል ይህ ነው! ዳር ቆመው የሚያዩት የሰፈሩ ሽማግሌዎች አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ዝም አሉ። የእኔን ደም ያፈላው ያ ዝምታ ነው።

እስቲ ስለ ሙያው እናውራ። ሽማግሌ ጺሙን ሂና የሚቀባው ስለሸበተ ነው። ሂና ጥቁር ጸጉር ላይ እምብዛም አይታይም፤ ብርቱካናማ ሆኖ የሚደምቀው ሽበት ላይ ነው። ስለዚህ ጎረምሳን ሽማግሌ ማድረግ የፈለገ መጀመሪያ ጺሙን ያነጣል፣ ቀጥሎ ያቀልማል፣ ከሥሩ ደግሞ አዲስ የበቀለ የሚመስል ሽበት ጥቂት ይተዋል። ፊት ማጥቆር ምን አመጣው? ዕድሜውን ፀሐይ ላይ የኖረ ሰው የሚታወቀው በዓይኑ ዳር መጨማደድና በከንፈሩ መሰንጠቅ ነው። አቧራም ቢሆን ሽርጥ ላይ፣ ቅንድብ ላይ፣ እግር ላይ ያርፋል እንጂ ጉንጭ ላይ ብቻ በብሩሽ አይነሰነስም። ደሙማ ተዉት! የደረቀ ደም ቡናማ ነው፤ የእነርሱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የቲማቲም ድልህ መስሎ ዋለ።

የሽማግሌው ልጅ ሆና የምትሠራዋም ከንፈሯን ቀይ ተቀብታ ብቅ አለች። ኧረ ጉድ ነው! ጅግጅጋ ውስጥ ሴቶች ፊታቸውን ቀሲል ይቀባሉ። ቀሲል ጎብ ከሚባለው ዛፍ ቅጠል የሚፈጭ፣ በውሃ የሚለወስ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ፊት ያጠራል፣ ከፀሐይ ይከላከላል ይላሉ፤ እርድ የምትጨምርበትም አለች። ያቺ ልጅ ቀሲሉ ፊቷ ላይ እየደረቀ የጦርነት ወሬ ስትሰማ ብትቀረጽ ኖሮ የማን ቀለም ይስተካከላት ነበር?

«ገንዘብ የለንም» ይሉናል። ውሸት ነው! ቀሲሉም ሂናውም ጅግጅጋ ገበያ ይሸጣል። አቀባቡን የሚያውቁ እናቶችና እህቶች እዚያው አሉ። ያጣችሁት ብር ሳይሆን መጠየቅን ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ከአዲስ አበባ ቀለም ተሸክሞ መምጣት ምን ይባላል?

«ፊልም ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚል አይጠፋም። የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። የዚያድ ባሬ ጦር ጅግጅጋን በመስከረም 1970 ዓ.ም. ያዘ፤ የካቲት 26 ቀን የካራማራ ድል ተገኘ። በየዓመቱ ቀኑን እናስባለን፤ ይገባናልም። ነገር ግን የወረረን የሞቃዲሾ መንግሥት ጦር ነው። ከአገሬው ሶማሌ መሀል ከወራሪው የወገነ ነበር፣ ያልወገነ ነበር፣ በሁለት እሳት መካከል የተለበለበም ነበር። ሜካፑ ግን ሁሉንም በአንድ ከሰል ይቀባቸዋል! ነገ ያንን ፊልም የምታይ የጅግጅጋ ሕፃን የአያቷን መልክ የጠላት መልክ ሆኖ ስታገኘው አገሬ የምትለው የቱን ነው? «ሶማሌው ኢትዮጵያዊ ነው» እያልን በአፋችን፣ በብሩሻችን ግን ከአገር እናስወጣዋለን።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የሆሊውዱ «ብላክ ሆክ ዳውን» ስለ ሞቃዲሾ እያወራ የተቀረጸው ሞሮኮ ነው፤ ዋና ሚና የያዘ ሶማሌ ተዋናይም አልነበረበትም። በ2013 ግን «ካፒቴን ፊሊፕስ» ላይ ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ የማያውቅ የሞቃዲሾ ተወላጅ ባርካድ አብዲ ተሰለፈና ለኦስካር ታጨ። በ2021 ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ጅቡቲ የተቀረጸው፣ በሶማሊኛ የተሠራው «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። የራሱ የሰውዬው ፊት ከየትኛውም ዱቄት እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ምን አለ?

እናም ወጣቶቹን የምላቸው አለኝ። በኪሳችሁ ፊልም መሥራታችሁ ያስመሰግናል፤ የሰውን ፊት ለማበላሸት ግን ፈቃድ አይሆንም። ሽማግሌውን ከጅግጅጋ ፈልጉ። ሜካፑን ለአገሬው ሴት ስጧት፤ የድካሟን ክፈሏት፤ በፊልሙ መጨረሻም ስሟን ጻፉላት። ካራማራ ላይ ደም የፈሰሰው ያ ተራራና በሥሩ የሚኖረው ሰው የእኛ ናቸው ተብሎ ነው። ተራራውን ወስዶ ሰውየውን ጠላት አድርጎ መቀባት ድሉን ማራከስ ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!