የሚሮጠው ውሃና የሚተኛው ውሃ

ክረምት በመጣ ቁጥር በደቡብ ጎንደር ሜዳ ላይ ያሉትን ፎገራንና ሊቦ ከምከምን የሚመታውን ውሃ ሁሉ የዜና ዘገባ «ጎርፍ» ብሎ ያልፈዋል። ገበሬው ግን ጠርጎ የሚሄደውን ማሳ ላይ ከሚተኛው ይለያል። ጎርፉ በሰዓታት ውስጥ አፈርና ከብት ይዞ ይነጉዳል፤ የተኛው ውሃ ሳምንታት ቆይቶ ሥር ያበሰብሳል፣ የጭቃ ግድግዳ ያፈርሳል፣ የወባ ትንኝ ያራባል። አንዱን ማዘግየት፣ ሌላውን ማስወጣት ያስፈልጋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሺዎች የሚቆጠር የሜዳው ሰው ሲፈናቀል የደረሰው የሁለቱ ድምር ነበር። የርብና የጉማራ ወንዞች ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ኃይላቸው ይደክማል፤ ደለላቸውን እዚያው ያራግፋሉ፣ የወንዙም ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። ስለዚህ በወንዙ ዳር የሚደለደለው የአፈር ክትር አንዴ ከተጣሰ የወጣው ውሃ ተመልሶ የሚገባበት የለውም። የጎርፉ መከላከያ ራሱ ውሃውን ያስተኛዋል።

«የርብ ግድብ ተሠርቷል አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ግድቡ የሚይዘው ከበላዩ የመጣውን ነው፤ ጉማራን አይነካውም፣ ደለሉንም ከምንጩ አያስቀርም። «በየዓመቱ እርከን ይሠራል» ለሚለው ደግሞ መልሱ ከፎገራ በላይ፣ ደብረ ታቦር ዙሪያ ባሉት የፋርጣ ማሳዎች ላይ ይታያል። እርከኑ ውሃ አቁሮ ሰብሉን ሲያሰጥመው ገበሬው ይሸነቁረዋል፤ ፈሰስ የሚባለውን የማፋሰሻ ቦይ ቀዶም ውሃውን ወደ ታች ይለቀዋል። ይህን ስንፍና የሚሉ ባለሙያዎች ተሳስተዋል፤ ሰውየው ከተኛ ውሃ ጋር እየታገለ ነው። ችግሩ ፈሰሱ ከጎረቤት ፈሰስ ጋር ተጋጥሞ ቦረቦር መክፈቱ፣ ቦረቦሩም ፎገራ የሚወርደውን ጎርፍ ማወፈሩ ነው። የላይኛው ያስወጣው የተኛ ውሃ ለታችኛው ጎርፍ ይሆንበታል።

ሜዳውን ጨርሶ ማድረቅም መፍትሔ አይደለም። የፎገራ ሩዝ የቆመው ዋልካ አፈሩ ውሃ ስለሚይዝ ነው፤ የፎገራ ከብትም ረግረጉን የለመደ ዝርያ ነው። ዋናው ጉድለት ያለው ፋርጣ ላይ ነው፤ የግል ፈሰሶች የሚገናኙበት፣ ሣር የለበሰና ከብት የማይገባበት የጋራ መፋሰሻ ያስፈልጋል። መፋሰሻው ግን መሬት ይበላል፤ የማን ማሳ ይቆረሳል ሲባል ስብሰባው የሚፈርሰውም እዚያ ላይ ነው። የላይኛው ገበሬ ለታችኛው ደኅንነት ሲል ማሳውን በነፃ እንዲሰጥ መጠበቅ ፍርድ አይደለም። ለተቆረሰው ማሳ ካሣው ለፎገራ ክትር ጥገና ከሚያዘው በጀት ላይ ይከፈለው።