ሳይቃጠል በቅጠል



የነአኩቶ ለአብ ሰው የውሃን ዋጋ ያውቃል፤ ከዋሻው ጠብ ጠብ የሚለው ጠበል እንኳ በድንጋይ ገንዳ ይጠራቀማል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ብዙ አባወራ በየጓሮው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ፕላስቲክ አንጥፎ፣ የክረምቱን ዝናብ ማቆር ጀምሯል። ሥራው ደግ ነው። ነገር ግን ፕላስቲኩ ያንሸራትታል፤ የገባ ልጅ ተመልሶ መውጣት አይችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ወደ 300 ሺህ ሰው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል። ከአራቱ አንዱ ገደማ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. ጉድጓዱ በአራቱም ጎን፣ በቤቱ በኩል ያለው ጭምር ይታጠር። በድንጋይ ካብ ላይ ልጅ እንዳይንጠላጠል እሾህ ይደረግበት። መዝጊያው ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ይቀርቀር።

2ኛ. አፈ ጠባብ ጉድጓድ ሰው ቢቆምበት የማይሰበር ክዳን ይኑረው። በስስ ሸራ መሸፈንስ? ክፍት ከመተው ይብሳል፤ ልጅ መሬት መስሎት ይረግጠዋል።

3ኛ. የተቋጠረ ገመድ ከዳር ካለ ጠንካራ ግንድ ታስሮ እስከ ውሃው ይውረድ።

አቅም ለሌላቸው ጎረቤቶቻችን በደቦ እንጠርላቸው። ለቅሶ ለመድረስ ከመሰብሰብ፣ ለአጥር መሰብሰብ ይሻላል!