«ስንት ሬክተር ይችላል?»

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ፈንታሌ አካባቢ በመጠን 6 የተለካ ርዕደ መሬት ተነሥቶ አዲስ አበባን አወዛወዘ። ከኮንዶሚኒየም ፎቅ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የወረደው ሰው በማግስቱ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ይሄ ሕንፃ ስንት ሬክተር ይችላል?» መልስ የሚሰጥም አልጠፋም። አንዱ ስድስት ተኩል ይላል፤ ሌላው ሰባት ያደርሰዋል፤ አፓርታማ ሻጩ ደግሞ ካስፈለገ ሰባትንም ያልፋል። ቁጥሩ ሲነገር ልብ ያሳርፋል፤ ሰውም ወደ ፎቁ ተመልሶ ይተኛል።

ቁጥሩ ግን ባዶ ነው። ሕንፃ በሬክተር አይሠራም። የኢትዮጵያን የሕንፃ ኮድ ግለጡ፤ የአውሮፓን፣ የጃፓንን፣ የኒው ዚላንድን ግለጡ፤ «ይህ ምሰሶ ለ6.5 ይበቃል» የሚል ስሌት የትም አታገኙም። ስለዚህ «የሠራሁት ሕንፃ ሰባት ይችላል» የሚል መሐንዲስ ካጋጠማችሁ ወይ ትምህርቱን ረስቶታል፣ ወይ እናንተን ንቋችኋል።

መጠን የሚባለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ምንጩ ነው፤ ከመሬት በታች ምን ያህል ስፋት ያለው ዐለት፣ ስንት ርቀት ተንሸራተተ፣ ምን ያህል ጉልበት ለቀቀ ነው ነገሩ። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። ያ ጉልበት እናንተ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ግን ቁጥሩ አያውቅም። እንጦጦ ላይ የዘነበው ዝናብ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ቢነገራችሁ፣ ቀበና ወንዝ ዳር ያለው ቤት ጎርፍ ይግባው አይግባው ማወቅ አትችሉም፤ ቁልቁለቱን፣ ቦዩን፣ የግቢውን አጥር ማየት ይጠይቃል። ሕንፃ ላይም የሚወስነው ርቀቱ፣ ጥልቀቱ፣ ከሥሩ ያለው አፈር፣ የራሱ ቁመትና አሠራር ነው። (ቻርልስ ሬክተር መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ለደቡብ ካሊፎርኒያ ነበር። ባለሙያዎቹ ለትልልቆቹ ርዕደ መሬቶች በሌላ መለኪያ ከተኩት ቆይተዋል፤ የእኛ ዜና አንባቢዎች ብቻ ሊለዩት አልቻሉም።)

ለዚህ ከክራይስትቸርች የተሻለ ምስክር አላውቅም። የኒው ዚላንዷ ከተማ እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 2010 ከንጋቱ በፊት በመጠን 7.1 ርዕደ መሬት ተመታች። ምንጩ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር። ግንብ ተሰነጠቀ፣ የጡብ ጭስ ማውጫ ወደቀ፤ በፍርስራሽ ሥር የሞተ ሰው ግን አልነበረም። በከተማዋ መካከል ሲቲቪ የሚባል ባለ 6 ፎቅ ሕንፃ ነበር። ተቆጣጣሪዎች አይተውት አረንጓዴ ወረቀት ለጠፉበት፤ «መግባት ይቻላል» ማለት ነው። በእኛ አነጋገር ሕንፃው 7.1 ሬክተር «ችሏል»።

ስድስት ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 2011፣ ሌላ መጣ። ይኼኛው 6.2 ብቻ ነበር፤ የለቀቀው ጉልበት የመጀመሪያውን አንድ ሃያኛ ያህል ነው። ነገር ግን ምንጩ ከከተማው መሐል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሲቲቪ በሰከንዶች ውስጥ ተደረመሰ። በከተማዋ ከሞቱት 185 ሰዎች 115ቱ ያለቁት እዚያ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሰባትን የቻለው ሕንፃ ስድስት ገደለው። የተሾመው መርማሪ ኮሚሽን ሲያጣራ፣ ኮለኖቹ ውስጥ የተጠመጠመው ማሰሪያ 6 ሚሊ ሜትር ቀጭን ብረት ሆኖ በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተዘረጋ ነበር፤ ንድፉ በጊዜው የነበረውን ደንብ አያሟላም፣ ፈቃዱም ሊሰጠው አይገባም ነበር ተባለ። የግንባታው ሥራ አስኪያጅም የሌላ ሰው የምህንድስና ዲግሪ ይዞ ይሠራ የነበረ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሁሉ የሆነው በደንብ አክባሪነቷ በምትታወቅ አገር ነው።

አጋዲርንም አንርሳ። የሞሮኮዋ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1960 የካቲት 29 ሌሊት የጠፋችው በመጠን 5.8 ገደማ በሆነ ርዕደ መሬት ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የተሰማው 5.7 ገደማ ነበር፤ ልዩነታቸው እዚህ ግባ አይባልም። አጋዲር ላይ ከ12,000 ያላነሰ ሰው ሞተ። ምንጩ ከከተማዋ ሥር ነበር።

እንግዲህ «የአዲስ አበባ ሕንፃዎች ስድስትን ችለው አልፈዋል፣ ተፈትነዋል» የሚለው ወሬ ምን ያህል እንደሚያሳስት አስቡ። ፈንታሌ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከዚያ ርቀት የደረሰን እንቅስቃሴ ኮዱ ለከተማዋ ከሚያዘው በእጅጉ ያነሰ ነው። ፈተናው አልተሰጠም፤ ደወሉ ነው የተደወለው። ላይኛው ፎቅ ያሉት ሰዎች ከታቾቹ ይልቅ የደነገጡት ቀርፋፋው ማዕበል ሩቅ ስለሚጓዝና ረጃጅም ሕንፃዎችን ለይቶ ስለሚያወዛውዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን ያፈረሰው ርዕደ መሬት ከከተማዋ 350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር የተነሣው፤ የደረቀ ሐይቅ ጭቃ ላይ የተሠሩት መካከለኛ ቁመት ያላቸው ሕንፃዎች ከጭቃው ጋር እኩል ተወዛውዘው ወደቁ፣ ዐለት ላይ ያለው ሰፈር ግን ብዙም አልተነካም። ያኛው በመጠን 8 ነበር፤ የእኛ ስምጥ ሸለቆ ይህን ያህል ይወልዳል ማለቴ አይደለም። «ራቅ ብለናል» የሚለው መጽናኛ ግን ብቻውን አያዋጣም።

ሌላም መጽናኛ አለ፤ «አዲስ አበባ ፈርሳ አታውቅም» ይባላል። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ለረጅም ዓመታት የመሩት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ ውስጥ ነገሩ በዝርዝር ተጽፏል። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ከ6.5 በላይ እንደሆነ ይገመታል፤ አዲስ አበባ ድረስ ሕዝቡን አስደንግጧል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መጣ፤ ማጀቴ የተባለችውን ከተማ አፈረሰ፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሰነጠቀ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ የተባለችው ከተማ ጠፋች። አዲስ አበባ ያኔ አልፈረሰችም፤ እውነት ነው። ግን የትኛዋ አዲስ አበባ? በ1898 የነበረችው የጎጆና የጭቃ ቤት ከተማ ናት፤ ጭቃ ቤት በእንጨት የተማገረ ስለሆነ ይንሻፈፋል እንጂ ቶሎ አይደረመስም። በዚያች ከተማ ታሪክ የዛሬውን ባለ 20 ፎቅ ሕንፃ መድን ማድረግ ከየት የመጣ ሒሳብ ነው?

ኮዱ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። መሬቱ በዚህ ቦታ ምን ያህል በኃይል ወደ ጎን ይገፋል? መሐንዲሶች አክስለሬሽን ይሉታል፤ ከመሬት ስበት ጋር እያነጻጸሩ ይለኩታል። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የኢትዮጵያ ኮድ ለአዲስ አበባ የሰጠው የስበትን 0.05 ነበር፤ የ2015ቱ ወደ 0.10 ከፍ አደረገው። እጥፍ ነው። ቁጥሩ ያደገው መሬቱ ባሕርዩን ስለለወጠ አይደለም። አሮጌው ኮድ ያሰበው በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣውን ንቅናቄ ነበር፤ በ50 ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ 40 በመቶ ይጠጋል። አዲሱ ያሰበው በአማካይ በ475 ዓመት አንዴ የሚመጣውን ነው፤ በ50 ዓመት ውስጥ ዕድሉ 10 በመቶ ነው። በአሮጌው ኮድ የተነደፉት ሕንፃዎች ታዲያ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። እነርሱም «ሰባት ይችላሉ» ከሚባሉት ውስጥ ናቸው።

በዚህ ላይ አፈሩ አለ። ያው 0.10 ዐለት ላይ ሲሆንና ወፍራም ጥቁር አፈር ላይ ሲሆን አንድ አይደለም፤ ኮዱም ለለስላሳ አፈር ኃይሉን ከፍ ያደርጋል። የአፈር ምርመራው ለይስሙላ ከሆነ፣ ወይም ከጎረቤት ግንባታ ተቀድቶ የመጣ ወረቀት ከሆነ፣ የቀረው ስሌት በሙሉ ጌጥ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። መሐንዲሱ ሕንፃውን ሙሉውን የርዕደ መሬት ኃይል እንዲሸከም አድርጎ አይነድፈውም። ከኃይሉ ሲሦውን፣ አንዳንዴም ሩቡን ብቻ ይዞ ይነድፋል። ማጭበርበር አይደለም፤ ዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው። ብረት ሳይበጠስ ይለጠጣልና፣ ቢሞቹ ጫፋቸው ላይ ይሰነጠቃሉ፣ ፌሮው ይሳባል፣ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል፣ ሕንፃው ተጎድቶም ቢሆን ቆሞ ይቀራል። ይህ እንዲሆን ግን ኮለኑ ከቢሙ መበርታት አለበት፤ ቢም ቢሰበር አንድ ሶሌታ ይጎብጣል፣ ኮለን ቢሰበር ፎቁ ሁሉ ይወርዳል። በኮለኑ ጫፍና ጫፍ ስታፋው፣ ማለትም ቋሚውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት፣ ጠበቅ ጠበቅ ማለት አለበት፤ ብዙውን ጊዜ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ። የስታፋው ጫፍ ደግሞ በ135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮንክሪቱ እምብርት መግባት አለበት። በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ፣ የውጩ ኮንክሪት ሲላጥ ስታፋው ይከፈታል፤ ቋሚው ፌሮ ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ ኮለኑም አለቀለት።

መሐንዲሱ ቢሮው ተቀምጦ ኃይሉን በሦስት ወይም በአራት ሲያካፍል፣ ፌሮ ሠራተኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያጥፋት ያች ስታፋ በትክክል እንደምትታጠፍ አምኖ ነው። ይህን ለፌሮ ሠራተኛው የነገረው አለ? 135 ማጠፍ ጊዜ ይፈጃል፤ ቢምና ኮለን በሚገናኙበት ቦታ ስታፋ ማስገባት ጣት ያደማል፤ እዚያ ቦታ ላይ ጭራሽ ሳይገባ የሚቀረው ለዚህ ነው። ተቆጣጣሪው በሶሌታ ሙሌት ቀን ጠዋት መጥቶ ከታች ቀና ብሎ አይቶ ይፈርማል። ከሰዓት በኋላ ኮንክሪቱ ይፈስሳል፤ ከዚያ በኋላ ያንን መጋጠሚያ የሚያየው ርዕደ መሬት ብቻ ነው። ከዚያም ምድር ቤቱ ለሱቅ ይከራያል፤ ለመስኮት መስታወት ሲባል የብሎኬት ግድግዳው ይነሣል። ላይኞቹ ፎቆች በግድግዳ ደንድነው ታችኛው ባዶ ሲቀር፣ መወዛወዙ በሙሉ እነዚያ ጥቂት ኮለኖች ላይ ይወድቃል። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ በእግሩ ሲሄድ የሚያየው የምድር ቤቱን ኮለኖች ነው።

ታዲያ ሁሉም ወገን የሬክተሩን ቁጥር የሚወደው ለምንድን ነው? ስለማያስጠይቅ ነው። «ስታፋው በየስንት ሴንቲ ሜትሩ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ፤ ይለካል፤ የፈረመው ሰውም በስሙ ይታወቃል። «ሰባት ይችላል» ለሚለው ግን ማን ይከሰሳል? ርዕደ መሬት መጥቶ ቢፈርስ «ቅርብ ነበር» ይባላል። ባይመጣ ሻጩ ልክ ነበር። ደግሞም ቁጥሩ ሌላ ውሸት ይሸፍናል። «ይችላል» ሲባል ሰው የሚገባው ሕንፃው ምንም አይሆንም ማለት ነው። ኮዱ ግን ይህን ቃል ለማንም አልገባም። የገባው ቃል፣ ሕንፃው እላያችሁ ላይ ሳይወድቅ እንድትወጡ ነው። በኋላ መፍረስ ሊኖርበት ይችላል፤ ክራይስትቸርች ውስጥ ነፍስ ያተረፉ ስንት ሕንፃዎች በኋላ በማሽን ፈርሰዋል። የ30 ዓመት የባንክ ዕዳ ያለበት የአፓርታማ ገዢ ይህን አስቀድሞ የማወቅ መብት የለውም?

«ሕዝብ ቀላል ቁጥር ይፈልጋል፣ ዝርዝሩ ያስደነግጠዋል» የሚሉኝ አሉ። ይህ ሕዝብ በሌሊት ልጁን አዝሎ አሥር ፎቅ በደረጃ ወርዷል፤ ደንግጧል። ቀላል ቁጥር ከተፈለገም ኮዱ ራሱ አለው፤ 0.10 ከሰባት በምን ይከብዳል? ስለ ዋጋ የሚነሣው ክርክር ደግሞ ቀድሞ ለቆመ ሕንፃ ይሠራል፤ አሮጌውን ማጠናከር በእርግጥ ውድ ነው፣ ከሆስፒታልና ከትምህርት ቤት መጀመርም ግድ ይሆናል። አዲስ ለሚሠራው ግን ያች የ45 ዲግሪ ተጨማሪ እጥፋት የምትፈልገው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፌሮና ቆሞ የሚያይ ሰው ነው።

ገዢ ስለ ሬክተር መጠየቁን ይተው። የአፈር ምርመራውን ወረቀት ይጠይቅ፤ ንድፉ የተሠራው በ1995ቱ ነው በ2015ቱ ኮድ፣ ኃይሉ በስንት ተካፍሎ ነው፣ ከሙሌት በፊት የኮለንና የቢም መጋጠሚያዎቹን ፎቶ ማን አነሣ፣ ማን ፈረመ ይበል። የከተማው የግንባታ ፈቃድ ሰጪም እነዚህን ወረቀቶች በእያንዳንዱ ሕንፃ ስም ማንም ሊያያቸው በሚችልበት ቦታ ያስቀምጥ። ማሳየት የማይችል ሻጭ «ሰባት» የሚለውን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ያውርድ።